ስለ ሙሽሪት ፊደልና ስለ ቦኖው ማስጠንቀቂያ

በሰመራ ከተማ ስሙን ከአክብሮት ብዛት ለማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ለክቡር አቶ ደጀን፤

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ያለማቋረጥ እንዲሠራ፣ የሚጠጡት የታሸገ ውሃም እንዳይጎድልብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ባነርና የሠርግ ካርድ የማትም፣ ተገኘ የምባል አገልጋይዎ ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ደፍሬ ሳይሆን አፍሬ ነው።

1ኛ. አዋሽ ሳለሁ ለሠርግ ካርድ ብዬ የሣልኩትን፣ ደንበኞች «ሙሽሪት» ያሉትን የፊደል ዓይነት የመሥሪያ ቤትዎ መለያ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። እግሯ ወፍራም፣ ጫፏ ቅጠል ያወጣ፣ ሆዷ በወርቅ ቀለም የተሞላ፣ ከኋላዋም ጥላ የምታስከትል ናት። ለሙሽሮች ስምና ለሱቅ ታፔላ ታምራለች፤ ከሁለት ቃል ካለፈ ግን ዓይን ታደክማለች። ይህን እያወቅሁ ዝም ማለቴ የእኔው ጥፋት ነው።

2ኛ. እንግዳ በመጣ ቁጥር «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን ባነር በእርሷ እያሳተሙ ከተማችንን ስላስጌጡ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሕዝቡም በዚያ ፊደል የተጻፈ ሁሉ ለእንግዳ እንጂ ለእርሱ እንዳልሆነ ገብቶት፣ ቀና ብሎ ማንበቡን ከተወ ቆይቷል።

3ኛ. ባለፈው ወር የሰፈራችን ቦኖ ውሃ ተበክሎ ሲገኝ፣ «ይህ ውሃ ለመጠጥ አይሆንም» የሚለውን ማስጠንቀቂያ በተራ ጥቁር ፊደል ሠርቼ ባመጣልዎ፣ የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ ያበላሻል ብለው በሙሽሪት እንዲታተም፣ ጽጌረዳም እንዲጨመርበት አዘዙ። አይነበብም ማለት ሲገባኝ እሺ አልኩ፤ ጽጌረዳውንም ምራቂ ብዬ ሁለት አደረግሁት።

ቦኖው አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሀምዳ እዚያው ባነር ሥር ቆማ ጀሪካኗን ሞላች። የሁለት ዓመት ልጇ ኸሊዳ አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት ሀምዳ፣ ያተምኩት እኔ መሆኔን ሳታውቅ፣ «እኔማ እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ፣ ቦኗችንን ላሳመሩልን አላህ ይስጣቸው እያልኩ ነው የቀዳሁት» አለችኝ። እኔ ነኝ ሳልላት የያዝኩትን ብርቱካን አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጠያቂዬ ነህ እያለች ሻይ በነፃ ትቀዳልኛለች። እጠጣለሁ፤ ከዚህ የባሰ ውርደት አላውቅም።

4ኛ. ልጅቷ ድና ወጥታለች፤ ውሃው ግን አልታከመም፣ ባነሩም አልወረደም። እንዲቀየር ባመለክት፣ የዲዛይን አጽዳቂ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ እንድታገሥ ስለመከሩኝ ውለታዎን አልረሳም። እስከዚያው ሰው ከዚያው ቦኖ እየቀዳ ነው።

ትእዛዝዎን ከሕሊናው ያስቀደመ፣ ጽጌረዳ በማብዛት ያገለገለዎ፣ አንገቱን የደፋ ታዛዥዎ፣
ተገኘ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ኮሚቴውን መጠበቅ ስላቃተኝ፣ ዛሬ ጧት ባነሩን አውርጄ በቦታው «አትጠጡ፤ ያሳምማል» ብዬ በአማርኛና በአፋርኛ በጥቁር ቀለም ጽፌአለሁ። ያለ ማኅተም በመለጠፌ ሊከሱኝ ቢሹ፣ ማስረጃው ከመንገድ ማዶ ይነበባል። ለሀምዳም ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንዳተመ ነግሬአታለሁ። አልሰደበችኝም፤ ልጇን አዝላ የቢሮዎን በር ቁጥር ብቻ ጠየቀችኝ። በትልልቁ ጽፌ ሰጥቻታለሁ።