በዕድገት ምክንያት ሊፈርስ ስለተወሰነበት የሰፈራችን የዳቦ ምድጃ

ለክቡር የከተማችን የዕድገት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በቤተሰብዎና በማያልቁት ስብሰባዎችዎ ላይ ይሁን። ጤናዎን አጥብቄ እመኛለሁ፤ በተለይ የወገብዎን፣ የከተማን ዕድገት ተሸክሞ መዋል ቀላል አይደለምና።

እኔ ኢድሪስ ቡሽታ፣ ሚስቴ የሞተችብኝ፣ እስከ አምስተኛ ክፍል የተማርኩ የቀድሞ የዕቃ ነጋዴ ስሆን፣ የሰፈራችን የዳቦ ምድጃ በመጪው ሰኞ ከዙህር ሶላት በኋላ ፈርሶ የገበያ ማዕከሉ መኪና ማቆሚያ እንደሚሆን በሩ ላይ ካስለጠፉት ማስታወቂያ ተረድቼ፣ የሚከተለውን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከዋና ከተማው ከራባት ስላስመጡልን የኢኮኖሚ ባለሙያ እናመሰግናለን። ሊጣችንን በጣውላ ተሸክመን ምድጃው ደጅ ተራ ስንጠብቅ አግኝቶን፣ «አባቴ፣ ቤት ተቦክቶ እዚህ ተጋግሮ ከጎረቤት ጋር የምትካፈሉት ዳቦ የዕድገት ቆጠራ ውስጥ አይገባም፤ የፋብሪካውን ብትገዙ ግን ይገባል» ብሎ አስረዳን። ጎረቤቴ ላላ ሩቂያ ጣውላዋን ሳታወርድ፣ «እንግዲያው ባሌንም ከገበያ ልግዛዋ፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት ቤት ተቀምጦ የቆጠረው የለም» አለችው። ባለሙያው ጻፈው። ሪፖርቱ ላይ ካገኙት ቀልድ መሆኑን ይወቁልን።

ሁለተኛ፣ ምድጃውን ለጥናት ብለው በዘጉበት ወር የፋብሪካውን ዳቦ ስበላ ከርሜ ስኳሬ ከፍ አለ። ቅር አይበልዎ፤ ሐኪም ቤት መሄዴም፣ መድኃኒት መግዛቴም፣ በታክሲ መመለሴም እንደሚቆጠር ባለሙያው ነግሮኛል። እንደገባኝ ከሆነ እኔ ጤነኛ ሆኜ የዋልኩበት ቀን ለከተማው ኪሳራ ነው። ሐሙስ ለት ደህና ስለነበርኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ጣቴ ወደ ራሴ ይዞራል። እኔም እንደ እርስዎ ዕድገት ወዳድ ነበርኩ። አንድ ሱቅ አልበቃ ብሎኝ ሁለተኛ ከፈትኩ፤ ሁለተኛው ሦስተኛ ወለደ። ባለቤቴ ባሂያ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «ሱቁ ሲያድግ አያለሁ፤ አንተን ግን ማየት ተውኩ» ትለኝ ነበር። ስንት እራት ብቻዋን እንደበላች አላህ ያውቃል፤ እኔ አልቆጠርኩም። ከሞተች በኋላ ሊጥ ውስጥ የሚገባውን ጨው እንኳ እንደማላውቅ ገባኝ። የመጀመሪያ ሊጤን ይዤ ስሄድ ጋጋሪያችን ማአለም ጂላሊ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ጌታው ሲ ኢድሪስ፣ ይሄን ልጋግረው ወይስ አጥር ልጠግንበት?» አለኝ። በማግስቱ ግን ውሃውን በራሱ እጅ ለካልኝ። የእያንዳንዱን ቤት ዳቦ በመልኩ ይለያል፤ የእኔ ጣውላ አንድ ቀን ከቀረ ሰው ልኮ ያስጠይቀኛል። ልጆቼ ፈረንሳይ ናቸው። በዚህ ከተማ ደህና ማደሬን የሚጠይቅ ጽሕፈት ቤት ያ ምድጃ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነው። ማስታወቂያውን ያንሱልን። በዓመቱ መጨረሻም ስንት እንደገዛንና እንደሸጥን ከመቁጠርዎ በፊት፣ ስንቶቻችን በጤና፣ ከሰው ጋር በልተን፣ ተጠያይቀን እንደዋልን ይቁጠሩ። ለዚህ ከራባት ሰው ማስመጣት አያሻም፤ ማአለም ጂላሊ ማንበብ ባይችልም መልሱን ያውቀዋል።

ይህ ካልሆነም፣ ሰኞ ከሶላት በኋላ ጣውላዬን ይዤ በሩ ላይ እንደምገኝ በአክብሮት አሳውቃለሁ። ዶዘሩን የሚነዳው ሰው ምሳ ካልበላ አብሮን ይብላ፤ በዕድገት ስለማይቆጠርበት አይስጋ።

ሳያድግ ያረጀው፣ ዱዓ አድራጊዎ
ኢድሪስ ቡሽታ

ማስታወሻ፦ ከቤትዎ ዓርብ ዓርብ የሚላከው ጣውላ ዛሬም በሰላም ደርሷል። ማአለም ጂላሊ ከሩቁ ነው የሚለየው፤ የክብርት እናትዎ ሊጥ እንስላል ይበዛበታል። የዳቦ ፋብሪካውን ሪባን የቆረጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ ገበናዎን ለመሸፈን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርንም ነበር።