ፍሬኗ የተለቀቀ ታክሲ

ውድ ሠረቀብርሃን፣

«ውድ» ያልኩህ ከልማድ ነው፤ ለአንተ ሌላ አጀማመር አላውቅም። ከሲግናል እስከ የካ ሚካኤል ሰው ሁሉ ወንድማማቾች እያለ ሲጠራን ኖረን፣ ይኸው እንጦጦ ሥር አንድ ሰፈር ውስጥ እያለን ንግግራችን በደብዳቤ ሆነ። ፊትህን ካየሁ የምናገረውን እንጃ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ የነበረውን ትርምስ አትረሳውም። ተሳፋሪው ገና ብቅ ከማለቱ ሻንጣው በአንዱ ታክሲ፣ ልጁ በሌላው ይጫን ነበር። አንዲት አሮጊት ዝናብ ላይ ቆመው ሻንጣቸውን ሲለምኑን አይተህ፣ «ነጅሙ፣ ኧረ ነውር ነው! ለምን በተራ አንጭንም?» ያልከኝ አንተ ነህ። ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ግን ተነስቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ታክሲው ይሰለፍ፣ ለተሳፋሪውም መጠለያ ይሠራለት» ስል ከሁሉ ቀድመህ አጨበጨብክልኝ። ተፈቀደ። ሕግም ወጣለት፤ ታክሲውን ትቶ ሰልፉን ያስተጓጎለ ሾፌር ከዚያ ቦታ ይሰናበታል ተባለ።

ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ሰልፉን የምናስጠጋው ሞተር አጥፍተን፣ በመግፋት ነበር። ዓርብ ጁምዓ ስሄድ የታክሲዬን የእጅ ፍሬን ለቅቄልህ እሄዳለሁ፤ ከኋላዬ ሆነህ የኔንም ትገፋለህ። በሚካኤል ቀን ደግሞ አንተ ልትሳለም ትሄዳለህ፣ እኔ ያንተን እገፋለሁ። ይህን ማንም አላዘዘንም።

ኋላ ታክሲው በዝቷል፣ ከአዲሶቹ አንዱ ይቀነሳል የሚል ወሬ መጣ። አዲሶቹ እኔና አንተ ነበርን። በዚያው ሳምንት ከጁምዓ ስመለስ መኪናዬ ብቻዋን ተገትራለች፤ ሌሎቹ ዞረው አልፈዋታል። ያንተ ታክሲ ፊት ደርሳለች። ተራ አስከባሪው በዳዳ በእጁ ወደ አንተ እያመለከተ፣ «ሾፌሯ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኩት፤ አላውቅም አለኝ» አለኝ።

አላውቅም! ከመባረሬ ይልቅ ያቺ ቃል አንገበገበችኝ። «ልጆች አሉኝ፣ አንተ ውጣልኝ» ብትለኝ ተናድጄ፣ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን ጸሎቴን ጠብቀህ ከዳኸኝ።

አሁን ከመገናኛ ኮተቤ እጭናለሁ። ትናንት እህቴ ረሂማ ከጅዳ ስትመጣ ልቀበላት ሄድኩ። ተሳፋሪው መጠለያው ሥር ተራውን ይጠብቃል፤ ማንም ማንንም አይጎትትም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ከዚያ ታክሲህን አየኋት። ቀኑ ሚካኤል ነውና አንተ የለህም። ከፊቷ ያሉት ሄደዋል፤ ከኋላዋ ያለው ጥሩምባውን ይነፋል፤ በዳዳም ወደዚያው እየመጣ ነው። ጠጋ ብዬ ፍሬኗን ዳበስኩ፤ ተለቅቋል። ማንን አምነህ እንደለቀቅከው እንጃ።

ረሂማ «ተው እንጂ፣ ምን አገባህ!» አለችኝ። ገፋሁልህ። በዳዳ ደርሶ «ሾፌሯ የት ሄደ?» ሲለኝ፣ «አውቃለሁ፤ ሚካኤል ሊሳለም ሄዷል» አልኩት።

ከእንግዲህ ግን ፍሬንህን ስበህ ሂድ።

ይገፋልህ የነበረው
ነጅመዲን