ከፎቁ የወረዱት መተርኮሻዎች

ፍኖተ ሰላም
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለባምላኩ፣

መንገዱ፣ የቆላው ሙቀት፣ እንቅልፍ ማጣቱ እንዴት አድርጎህ ይሆን እያልኩ ነው የምውለው። እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን አለሁ።

የእህትህ መርዶ የመጣ ዕለት በርበሬ አስጥቼ ነበር። ጎረቤቶች ተከታትለው ሲገቡ ያስላሉ። በርበሬው መስሎኝ፣ ወደ ጥላው እለፉ እያልኩ መቀመጫ ላወጣ ተነሳሁ። ማንም አልተቀመጠም። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መልበሳቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ደስታ የሚባል ነገር ደጄን ረግጦ አያውቅም ነበር። ትናንት ግን መጣ ልጄ! መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝን ሁሉ አሟጥጬ፣ ከጧት ጀምሬ ነው የምጽፍልህ።

ቡሬ ሄጄ ነበር፤ እህትህ ያምሮት ለመምህራን ሥልጠና ሄዳ ወዳደረችበት ሆቴል። የሲጋራ ሽታ አስሟን ቀሰቀሰባት ሲሉ ሰምቼ፣ የሄድኩት አንድ ነገር ልለምን ነው፤ ሰው በሚያድርባቸው ክፍሎች ውስጥ ሲጋራ እንዳይጨስ። አንቺ ማን ነሽ ብለው ቢመልሱኝስ እያልኩ፣ ሚኒባሱ ውስጥ የምለውን ስደጋግም ደረስኩ።

አልጋ የምታነጥፈዋ ልጅ እህተ ማርያም ትባላለች። የማን እናት እንደሆንኩ ስነግራት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ያምሮት ማታ ስትገባ ክፍሉ ሲጋራ ሲጋራ ይሸት ነበር። አስም እንዳለባትም ተናግራለች። ሌላ ክፍል ብትጠይቅ ሆቴሉ ሞልቷል። ይኼኔ እህተ ማርያም ሽታውን ላጥፋልሽ ብላ፣ መስኮቱንም በሩንም ዘግታ ወይራ አጤሰችላት። እኛ አገር ወይራ የማያጠፋው ሽታ አለ እንዴ? የወተት ዕቃውንም የአራስ ቤቱንም የምናጥነው በእሱ ነው። እህትህ ደግሞ ይሉኝታዋን ታውቀዋለህ። ይህን ያህል የደከመችልኝን ልጅ እንዴት እምቢ ልበላት ብላ፣ አመስግና ገባች። ሊነጋ ሲል አፈናት። ሐኪም ዘንድ አደረሷት፤ አልቆየችም።

‹‹እማማ፣ እኔ ነኝ ያፈንኳት›› አለችኝ ልጅቷ።

‹‹አንቺማ እንግዳ አከበርሽ›› አልኳት። ‹‹ወይራውን ያስመጣው ሲጋራው ነው።››

ተቃቅፈን አለቀስን። ቢሆንም ሥራዬን አልረሳሁም። የሆቴሉን ባለቤት አቶ ስመኘውን አስጠራሁ። ሲያዩት ጨዋ ሰው ነው። ክፍሎቹን አሳየኝ። በየበሩ ላይ ማጨስ ክልክል ነው የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ በየጠረጴዛው ላይ ደግሞ የሲጋራ መተርኮሻ ተቀምጧል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይኖራሉ ብዬ ብጠይቀው፣ ወረቀቱ ለመንግሥት፣ መተርኮሻው ለእንግዳ ነው አለኝ። ሳልወድ አሳቀኝ። ልመናዬንም ሰምቶ፣ እኔ ምን ከፋኝ እማማ፣ ግን አልጋዬን የሚይዙት ሾፌሮች ናቸው፣ ብከለክላቸው ማዶ ያለው ሆቴል ይገባሉ አለኝ። እንግዲያው እኔ ራሴ ልጠይቃቸው አልኩት። የሚሳካልኝ አልመሰለውም፤ ግን ፈቀደ።

ሾፌሮቹ ማዳበሪያ አራግፈው እራት ይበሉ ነበር። ፊታቸው ቆሜ ልመናዬን ተናገርኩ። ወንዳወቅ የሚባል ቁመተ ረጅም ሾፌር፣ አፉ የማይዘጋ፣ ጉርሻውን ሳይውጥ፣ ‹‹እማማ፣ ጭነት ላይ አታጭስ ይሉናል፣ ማደያ አታጭስ ይሉናል። አሁን ደግሞ እርስዎ ከመኝታችን ሊያስወጡን ነው። ገነት ገብተን እናጭስ?›› አለ። ሁሉም ሳቁ።

‹‹ገነትስ ማን ሊያስገባህ›› አልኩት። ይባስ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። እግዜር ያሳይህ፣ ያኔ ፍርሃቴ ለቀቀኝ!

‹‹ልጆቼ፣ አታጭሱ አላልኳችሁም›› አልኳቸው። ‹‹እናንተ ጧት ትሄዳላችሁ፤ ጢሱ ግን ፍራሹ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ከእናንተ በኋላ እዚያ አልጋ ላይ ማን እንደሚተኛ አታውቁም። እኔ ግን አወቅሁ።››

የያምሮትንም ነገር ነገርኳቸው። እጃቸው ከትሪው ላይ ተነሳ። ወንዳወቅ የትኛው ክፍል ነው ብሎ እህተ ማርያምን ጠየቃት። ፎቅ ላይ፣ መጨረሻው አለችው። የዚያ ክፍል ቁልፍ እፊቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ለእሱ ነበር የተሰጠው። ቁልፉን አንስቶ እመዳፉ ላይ አገላበጠው።

‹‹ስመኘው›› አለ፣ ‹‹መተርኮሻዎቹን አውርዳቸው። እግቢው ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አድርግልን፤ እዚያ እናጨሳለን።››

ስመኘውም ረስታችሁ ክፍል ውስጥ ብታጨሱስ አለ። ሾፌርን ሾፌር ይጠብቀዋል አለው ወንዳወቅ።

ልጄ፣ ብታይ! እህተ ማርያም ደረጃውን እየሮጠች ወጣች፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ተከተልኳት። መተርኮሻውን በጉያችን እያቀፍን አወረድን። ሾፌሮቹ አግዳሚውን ራሳቸው ተሸክመው አወጡ። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትን፤ የቡሬ ንፋስ መጋረጃውን ሲያውለበልበው እልል ማለት አማረኝ። ሐዘንተኛ ነኝ ብዬ ያዝኩት እንጂ።

ባምላኩ፣ እህተ ማርያም አንተንም ታውቅሃለች። ጭነት ስታመጣ እዚያው ታድር ነበር አሉ። ከያምሮት በፊት በዚያ ክፍል ማን እንዳደረ ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት፣ ውኃ አምጪልኝ ብዬ ላክኋት። ስትመለስም አልጠየቅኋት። መቼም አልጠይቃትም።

ከሰልስቱ ወዲህ ቤትህን አላየኸውም፤ ስልክህም አይነሳም። አንተን አጥቼ ያምሮትን ማልቀስ አቃተኝ፤ አንድ ዓይን ብቻውን አያለቅስም። ና ልጄ። በቡሬ በኩል ከመጣህ ፎቅ ላይ እደር፤ ማጨስ ካማረህ ወርደህ ከጓደኞችህ ጋር ተቀመጥ። ከዚያ ወደ እኔ ና። ምንም አልጠይቅህም፤ ምሳ ነው የማቀርብልህ።

ወረቀቱን አፋር፣ ሎግያ ላይ የሚሰጥህ ወንዳወቅ ነው። የሄድክበት ይቅናህ፤ መሪህን መላእክት ይያዙልህ፤ ከክፉ ቁልቁለት ይሰውርህ።

እናትህ ንግሥቴ

ይህ ወረቀት በብዙ ሾፌር እጅ እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ብታነቡት አልቀየምም። ብቻ ስታነቡ የልጄ የክርስትና ስሟ ወለተ ኪሮስ ነውና፣ ባምላኩንም መሀላችሁ አስቀምጣችሁ፣ ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን በሉልኝ።