ዘይት የነካው ምንጭ

ለተከበሩ የጥናታዊ ጽሑፎች ቅርጽና ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ ደህና ነው? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። ነጠላ ሰረዝ ሊሆን ሲገባው ነጥብ የሆነውን፣ ነጥብ ሊሆን ሲገባው ባዶ የቀረውን ሁሉ ከልጄ ጽሑፍ ላይ አንድ በአንድ ለቅመው በቀይ ቀለም ያከበቡ ዓይኖች ምን ያህል እንደሚደክሙ ሳስበው ለእርስዎ አዝናለሁ። ቀለሙም እንዳያልቅብዎ እመኛለሁ።

እኔ ከኮሌጁ የጓሮ በር ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ትንሽ ሱቅ ያለችኝ ሴት ነኝ። ስኳር፣ ጨው፣ ሻማና ምስማር እሸጣለሁ፤ የሚመዘነውን ሁሉ በአሮጌ ወረቀት እየጠቀለልኩ እሰጣለሁ። ልጄ የእናንተ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። በመጪው ሰኞ ጠዋት እርስዎ ፊት ቀርባ “የሌለ ምንጭ ፈጥራ ጠቅሳለች” ለተባለችው መልስ ትሰጣለች። መልሷ ኮሚቴውን ካላረካ ከትምህርቷ ትባረራለች፤ የተባረረችበት ምክንያትም በመሸኛዋ ላይ ስለሚሰፍር ሌላ ኮሌጅ አይቀበላትም። ይህን የነገረችን የቢሮዎ ጸሐፊ ናት፤ ጥፍሯን እየሞረደች ስለነገረችን ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር።

ከዚህ በፊት ሁለት የታሸጉ ደብዳቤዎች አስገብቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ስመጣ እንደታሸጉ መስኮቱ ጥግ፣ ከአበባው ማሰሮ ሥር አየኋቸው፤ ውሃው ጠረጴዛውን እንዳያበላሸው እያገለገሉ ስለሆነ አልተቀየምኩም። ጸሐፊዋም “እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱ እንጂ፤ ሰብሳቢው የገጽ ቁጥር እያዩ ነው” ብላኛለች። እንግዲህ በዚያ ሁሉ ሥራ ላይ ፖስታ የመቅደድ ድካም እንዳይጨመርብዎ ብዬ ይህችን ሳላሽግ በኮሌጁ የማስታወቂያ ሰሌዳና በሱቄ በር ላይ እለጥፋታለሁ። ሲያልፉ ቆም ብለው ቢያነቧት በቂዬ ነው።

መፍራቴን አልደብቅዎትም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሳይ ሱቄን ዘግቼ ልሂድ ልሂድ ይለኛል። የኮሌጁ ጥበቃ ክብሪት ሊገዛ ሲመጣ ሳላውቀው ብድግ እላለሁ፤ እሱም “ኧረ ይቀመጡ እትዬ፣ ክብሪት ነው የፈለግሁት፣ እርስዎን አይደለም!” እያለ ይስቅብኛል። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ድፍረት የሚመስል ነገር ካጋጠመዎት መሸሻ ያጣ ፍርሃት ነው ብለው ይለፉልኝ። ቅሬታዎቼን መመሪያችሁ እንደሚያዘው በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ።

1ኛ. ስለ መመሪያው።

ስለ ምንጭ አጠቃቀስ ያወጣችሁትን መመሪያ ልጄ ትራሷ አጠገብ አድርጋ ነው የምትተኛው። እኔም እሷ በሌለችበት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ አልገባኝም፤ ግን በጣም አስፈርቶኛል፣ መመሪያ ደግሞ ለዚሁ ይመስለኛል። የመጽሐፉ ርዕስ ፊደሉ ዘንበል ይበል ይላል፤ ልጄ አዘነበለችው። ዓመተ ምሕረቱ ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ ይግባ ይላል፤ አስገባችው። በዓመቱ አጋማሽ ደግሞ ሌላ መመሪያ ወጣና ዓመቱ ወደ መጨረሻ ይሂድ አለ፤ ቤት እንደሚለቅ ተከራይ ዓመቶቿን ሁሉ እያነሳች ከፊት ወደ ኋላ ስታጓጉዝ ከረመች። ከነዚያ ውስጥ አንዱን ዓመት ረስታ የድሮው ቦታው ላይ ትታዋለች። እሱን በሁለት ክብ ስላከበቡት አመሰግናለሁ፤ በአንድ ክብ ቢሆን ሳናየው ይቀር ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ልጄ የታረመውን ጽሑፍ ለኮሚቴው ከመመለሷ በፊት ገጽ በገጽ ገልጬ አይቻለሁ። የምንጮቹ ዝርዝር ያለበት ገጽ በቀይ ቀለም ከመጥለቅለቁ የተነሳ በግ የታረደበት ይመስላል። ስለሚያስሉት ልጆች የተጻፈበት ላይ ግን አንድም ምልክት አላገኘሁም። ሳሉ በትክክለኛው ቅርጽ ስለተቀመጠ ይሆናል።

2ኛ. ስለ ባለቤቴ።

በመመሪያችሁ ሁለተኛ ገጽ ላይ የጸሐፊ ስም ሲጻፍ የአባት ስም ይቀድማል፤ የራሱ ስም ይከተላል ተብሏል። በሌላው ዓለም እንዲህ ስለሚጻፍ ነው አሉን። እኛ ዘንድ ግን የአባት ስም የአባት ነው። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ጡብ ሲሸከም ኖሮ የሞተ፣ ደመወዙን በአውራ ጣቱ እየፈረመ የሚቀበል ሰው ነበር። በመመሪያችሁ ቸርነት ዛሬ የጥናታዊ ጽሑፍ ባለቤት ሆኗል። ቢያይ እንዴት ይገረም ነበር!

ችግሩ የተከሰሱት ተማሪዎች ስም ዝርዝር በበሩ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ቀን መጣ። እሱንም በመመሪያው መሠረት ነበር የጻፋችሁት። ወሬ ሳይጀምር መቀስ የማያነሳው ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ሽርጡን እንደታጠቀ እየሮጠ መጣና በሱቄ መስኮት አንገቱን አስግጎ “አንቺ! ያን ምስኪን ባልሽን ደግሞ ከሞተ በኋላ በምን ከሰሱት?” አለኝ። የቆመው ደንበኛ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። ከዚያ ሱቁን ዘግቼ ሄጄ አየሁት። “የሌላውን ሥራ በመውሰድና ምንጭ በመፍጠር” ከሚለው ርዕስ ሥር የባለቤቴ ስም ፊት ሆኖ ተጽፏል፤ የልጄ ከኋላው፣ ከነጠላ ሰረዝ በኋላ፣ እሱን ተከልላ የቆመች መስላ ተቀምጣለች። የሰው ጡብ በስህተት ቤቱ ቢገባ ተሸክሞ የሚመልስ ሰው ነበር። ለማንኛውም ነጠላ ሰረዙ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነበር።

3ኛ. “የለም” ስለተባለው ምንጭ።

ልጄ ያጠናችው በጡብ ፋብሪካው ዙሪያ የሚኖሩ ልጆች ስለያዛቸው ሳል ነው። አባቷ የሞተው ሲያስል ነውና ይህን ለምን እንደመረጠች አልጠየቅኋትም። ሳሉ ከድሮው ብሶ እንደሆነ ለማሳየት የድሮ ጥናት አስፈልጓት በቤተ መጻሕፍታችሁ ፈልጋ ፈልጋ አጣች። ያገኘችው እኔ ዘንድ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ምስማር ልጠቀልልበት ከጆንያ ያወጣሁትን ወረቀት “እማዬ ቆይ! ቆይ፣ እንዳትቀጂው!” ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። ምስማሩ መሬት ላይ ተበተነ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የእናንተው ተማሪ በዚያው ፋብሪካ እየዞረ የሚያስሉትን ሠራተኞች የመዘገበበት ጥናት ነበር። ስማቸውን አልጻፈም፤ ዕድሜያቸውንና የሚሠሩበትን ክፍል ብቻ ነው የጻፈው። ባለቤቴ በመካከላቸው ይኑር አይኑር አይታወቅም፤ ግን ሸካሚዎቹ ያሉበትን ገጽ ሁለታችንም በጣታችን እየተከተልን ደግመን አነበብነው።

ሽፋን የለውም። የጸሐፊውም ስም የለውም። የፊተኞቹ ገጾች ምን ተጠቅሎባቸው እንደሄደ እኔም አላስታውስ። ልጄ ታዲያ ከዝርዝሯ መጨረሻ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችው፦ “ጸሐፊው የማይታወቅ፤ ርዕሱ የተቀደደ፤ ዓመቱ የማይታወቅ፤ ከእናቴ ሱቅ፣ ከመጠቅለያ ወረቀት መካከል የተገኘ።” ከዚህ የበለጠ እውነት እንዴት እንደሚጻፍ እኔ አላውቅም። መመሪያችሁ ለመጽሐፍም፣ ለጋዜጣም፣ ለቃለ መጠይቅም ቦታ ሰጥቷል። ለመጠቅለያ ወረቀት ግን ቦታ አልሰጠም፤ ስለዚህ ምንጩ የለም ተባለ።

ወረቀቶቹን ይዘን ቢሮዎ በመጣን ጊዜ በሁለት ጣትዎ ጫፍ አንስተው “ይሄ እኮ ዘይት ነክቶታል” ማለትዎን አስታውሳለሁ። ልክ ነዎት፣ ነክቶታል። ቀጥለውም እንዲህ ያለ ጽሑፍ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት እንደሌለ የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳዩን። እሱም ልክ ነው። በቤተ መጻሕፍታችሁ የሌለው እኔ ዘንድ ስላለ ነው። መደርደሪያ በሞላ ቁጥር የንብረት ክፍላችሁ ያሮጀውን ወረቀት በጆንያ አሳስሮ በጓሮ በር ያወጣዋል፤ እኔም በኪሎ እገዛዋለሁ። ይህን በመናገሬ ከእንግዲህ ወረቀት ላትሸጡልኝ ትችላላችሁ፤ እሱንም ፈርቻለሁ።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት ከነዚያው ጆንያዎች ነው፤ ደንበኛ በሌለ ሰዓት፣ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጬ። የብዙ በሽታዎችን መነሻ አውቃለሁ፤ መድኃኒታቸው ያለበት ገጽ ጨው ተጠቅሎበት ስለሄደ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። አንዲት ሴት ከባሕር ዳርቻ ቆማ መርከብ ስትጠብቅ ትቻታለሁ፤ መርከቡ ይምጣ አይምጣ እንጃ። የማውቀውን ከማን እንደወሰድኩ ብጠየቅ አንድም ስም መጥራት አልችልም፤ በመመሪያችሁ ከተዳኘሁ የማውቀው ሁሉ ስርቆት ነው። ቢሆንም በኪሎም ቢሆን የኮሌጃችሁ ምሩቅ ነኝና ለከፈታችሁልኝ የዕውቀት በር፣ የጓሮውም ቢሆን፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

4ኛ. ፈርቻለሁ።

ይህ ቅሬታ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ቁጥር ካልተሰጠው አይነበብም ብዬ ነው። ልጄ ምግብ ትታለች። ከትምህርት ስትመለስ ከስኳር ጆንያው ፊት ቆማ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ሰኞ የምትመልሰውን ትለማመዳለች። “አዎ፣ የተከበሩ ሰብሳቢ። አይደለም፣ የተከበሩ ሰብሳቢ።” ድሮ እየሳቀች የምትመልስልኝ ልጅ አሁን ስጠራት ትደነግጣለች። ትናንት ልምምዷን በመካከል አቋርጣ ወደ እኔ ዞረችና “እማዬ፣ የሌለው ወረቀቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?” አለችኝ። ልስቅ ፈልጌ ፊቷን ሳየው አቃተኝ። “ሂጂ ወዲያ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው” ብዬ ሚዛኑን መወልወል ጀመርኩ። ንጹሕ ነበር፣ ሚዛኑ።

እንግዲህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ሰኞ ከመድረሱ በፊት የምንጮቹን ገጽ ለጥቂት ጊዜ ሸፍነው ሌላውን ያንብቡልኝ። ከዚያም የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ አስጠርተው ጆንያዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ይጠይቁልኝ። መንገዱን መሻገር ካልከበደዎም ወደ ሱቄ ብቅ ይበሉ፤ ወንበር አለኝ፣ ዘይት ያልነካው። ልጄ ካጠፋች ነጠላ ሰረዝ ነው ያጠፋችው። እሱን ታስተካክላለች። እሷን ግን ከሰረዛችኋት እንዴት አድርጌ እንደማስተካክላት አላውቅም።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ሊሰጡኝ ይችሉ ስለነበር፣ በእጅጉ አመሰግናለሁ። ብዕርዎ ሳይነጥፍ፣ ቅንፍዎ ሳይከፈት፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ ዘመንዎ ይባረክ። ስሜን ያልጻፍኩት ከንቀት አይደለም፤ መመሪያው የአባቴን እንዳስቀድም ስለሚያዝ ሽማግሌውን በዚህ ዕድሜያቸው ኮሚቴ ፊት ላለማስጠራት ብዬ ነው።

ጥበቃችሁ ክብሪት ሊገዛ በመጣ ቁጥር ብድግ የምትለው፣
ከመንገድ ማዶ ያለችው ባለሱቅ፣
የተማሪዋ እናት።

ድኅረ ጽሑፍ፦

ይህን ጨርሼ መለጠፊያ ሙጫ ስፈልግ የኮሌጁ ጆንያ መጣ። እንደ ልማዴ ፈታሁት። ከላይ ያለውን ወረቀት ከነቀይ ክቦቹ አወቅሁት፤ ዓመቱ ሁለት ጊዜ የተከበበበትም አለ። የልጄ ጽሑፍ ነው። ሰኞ ገና አልደረሰም፣ የተከበሩ ሰብሳቢ፤ ካላንደሩን ሁለት ጊዜ አየሁት። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ የእሷም ስም የአባቷም ስም የለበትም። ልጄ አላየችውም፤ መልሼ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ተቀምጬበታለሁ፤ ይህን የምጽፈውም እዚያው ላይ ሆኜ ነው። ከሰሌዳው ላይ ከምታነበው እኔው ልነግራት ይገባል፤ በየትኛው ቃል እንደምጀምር ግን እግዚአብሔር ይወቅ። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ከእሷ ጋር እመጣለሁ፤ እስከዚያ ምንም አልጠቀልልበትም። እስከዚያ ግን እርስዎ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ያስረዱኝ፦ ሽፋኑ የተቀደደ፣ የጸሐፊዋ ስም የማይታወቅ፣ ከመጠቅለያ ወረቀት መካከል የተገኘ ጽሑፍ በመመሪያችሁ እንዴት ነው የሚጠቀሰው? ወይስ ልጄም የለችም?