የአባባ ጭንቅላትና የእኔ አበባ ቀሚስ

ውድ ባለቤቴ ጌታሁን፣

ከተለየኸኝ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። አስቀድሜ የሚያሳፍረኝን ልንገርህ፤ በቅርቡ ወደዚያ የመጣ የሰፈራችን ሰው ካለ ሳይቀድመኝ አይቀርም። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ ጥቁሬን አውልቄ፣ ያንን ቢጫ አበባ ያለበትን ቀሚስ ለብሼ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወጣሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ጎመን እየመረጡ ከእግሬ እስከ ራሴ ለኩኝና፣ እሰይ፣ እንኳን ወጣልሽ አሉኝ። ምርቃት እንዳይመስልህ። ሳይመሽ ሰፈሩ ባል አግኝቶልኝ ነበር፤ ሹፌር ነው አሉ።

ቀሚሱን ያስለበሱኝ ግን አባትህ ናቸው።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ ከቡሬ ብቻቸውን በሚኒባስ መጡ። በሩ ላይ ቆመው፣ ጌታሁን ከትምህርት ቤት አልተመለሰም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሐምሌ ላይ በቀብርህ ሲወድቁ ደግፌ ያነሣኋቸው እኔ ነኝ፤ እጄ ላይ የያዝኩት ሰፌድ ወደቀ። እውነቱን ነገርኳቸው። ያን ዕለት እንደ አዲስ ሞትክ፤ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፣ ጎረቤቱም እንደገና ለቅሶ ተቀመጠ። ከምሳ በኋላ ፊታቸውን ታጥበው፣ በርጩማቸውን ወደ አጥሩ በር አዙረው ተቀመጡና፣ ይሄ ልጅ ዛሬ ዘገየሳ አሉ።

ሁለተኛ ልገድልህ አቅም አጣሁ። ስብሰባ ላይ ነው አልኳቸው። የመምህራን ስብሰባ በዚህ ዘመን ማለቂያ ስለሌለው አመኑኝ። ጥቁሬን ባዩ ቁጥር ግን ማን ሞቶብሽ ነው እያሉ ይጨነቁ ስለነበር አወለቅሁት።

ሰዉ ሁሉ እርጅና ነው፣ ሐዘን ነው አለ። እኔም አምኜ ነበር፤ ግራ ጫማቸውን እስካይ ድረስ። ከእግራቸው እየወለቀ ግቢው ውስጥ ይቀራል፤ እሳቸው አያውቁትም። በግራ እጃቸው የያዙት ብርጭቆም ይወድቃል። ሐዘን ሰውን በአንድ ጎኑ ብቻ አይይዝም።

ያኔ ጣቶችህ ትዝ አሉኝ። የክፍሉ ፕላዝማ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ እየሮጠ ባዮሎጂ ሲያስተምር አንተ ጥግ ቆመህ መብራት እንዲጠፋ ትጸልይ ነበር፤ ሲጠፋ ክፍሉ ያንተ ይሆናል። የምትናገረውን ደግሞ ቀድመህ እኔ ላይ ትለማመዳለህ። በጠመኔ በነጣ ጣትህ ራሴን እየነካህ፣ ከግንባር ኋላ ማሰቢያና መወሰኛው፣ ከጆሮ አጠገብ መስሚያና ማስታወሻው፣ ከኋላ ማያው፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ሚዛን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል ትለኝ ነበር። ቀኙ አንጎል ግራ ጎናችንን ያዛል፣ ግራው ቀኙን። የነርቭ ሴሎች ደግሞ ላህ ወንዝ ሲሞላ ወዲህና ወዲያ ማዶ ቆመው እንደሚጠራሩ ሰዎች ናቸው አልከኝ፤ አይነካኩም። መልእክቱ በሴሉ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ሮጦ ዳር ይደርስና ክፍተቱን በኬሚካል ይሻገራል። የጣትህን ጠመኔ ከጸጉሬ ሳላራግፍ ማኅበር ሄጄ የተሳቀብኝን አትረሳውም መቼም።

ስለ ራስ ጉዳትም ነግረኸኛል። በዕድሜ አንጎል ይኮማተራል፤ ከሽፋኑ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ ትንሽ ምት ይበጥሳቸዋል። ከዚያ ደሙ ለሳምንታት ጠብ ጠብ ሲል፣ አገሬው ሽማግሌው ጃጁ ይላል።

ቡሬ ወንድምህ አዱኛ ጋ ደወልኩ። አባባ ወድቀው ነበር? አልወደቁም አለ። ተመተውስ? እሱም የለም። ከዚያ ሳቀ። ለካ የገና ለት ሜዳው ዳር ቆመው ጨዋታውን ሲያዩ፣ ሩሯ ተፈናጥራ ከጆሯቸው በላይ አግኝታቸዋለች። እሳቸውም ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብለው ሜዳውን አሳቁት። ያችን የእንጨት ኳስ ማንም እንደ ምት አልቆጠራትም። በገና ሜዳ የተመታ ሰው አይከስስማ፤ አመመኝም አይል።

አዱኛ ጠበል ይሻላቸዋል አለ፣ እኔ ሐኪም አልኩ። በኋላ ጠበሉን በጀሪካን ይዞ መጣና ሦስታችንም ወደ ባሕር ዳር ተሳፈርን። ዱርቤቴ ስንደርስ እንቅልፋቸው ከብዶ አባባ እያልኩ ብቀሰቅሳቸው እንኳ አልነቃ አሉኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጌቴ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሐኪሙ በመሣሪያ ያነሣውን ምስል አሳየን። በቀኝ በኩል፣ ከራስ ቅላቸውና ከአንጎላቸው መሃል፣ እንደ ጨረቃ ቁራጭ የተጋደመ ጥላ። አጥንቱን በስተን ደሙን እናፈሳለን፣ አእምሯቸው ሊመለስ ይችላል አለኝ። የምሥራች መንገሩ ነበር። እኔ ግን ሁለት ፍርሃት አንድ ላይ ያዘኝ። ቢሞቱብኝስ? ቢድኑስ? አንተ እኮ በሕይወት የቀረኸው እዚያ ራስ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ሆነህ። የስምምነቱን ወረቀት የፈረመው አዱኛ ነው፤ እኔ እስክሪብቶውን አቀበልኩት።

ዛሬ ጠዋት ዓይናቸውን ገለጡ። ግራ ጣቶቻቸውን ቀስ ብለው አንቀሳቀሱ። ከዚያ ቀሚሴን አዩት፤ አበባ አበባውን እየለቀሙ፣ ረጅም ጊዜ።

«ልጄ፣ ጥቁርሽ የት ሄደ?» አሉኝ።

በዚያች ግራ እጃቸው የቀሚሴን ጫፍ ስበው ፊታቸውን ሸፈኑበትና ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ አዱኛ ለየትኛው እንደምናለቅስ ግራ ገብቶት ጀሪካኑን ታቅፎ ቆመ።

ፍርሃቴ ግን አላለቀም። ደሙ ተመልሶ ሊጠራቀም ስለሚችል በየጠዋቱ ጠይቂያቸው ብሎኛል ሐኪሙ፤ ወሩን፣ ያሉበትን ከተማ፣ የልጆቻቸውን ስም። ወሩንማ ደኅና ሆነውም አያውቁት ይሆናል። የኔ መመርመሪያ አንድ ነው፤ አንተ የት እንዳለህ መጠየቅ። ካለቀሱ ደኅና ናቸው። ዘገየሳ ካሉ ደሙ ተመልሷል። የሽማግሌ እንባ የሚመኝ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

እኔን አትስጋ። ጥቁሬን ብለብስም ባልለብስም የጠመኔ ጣትህ ራሴ ላይ ነው፤ አላራግፈውም። ነገ ጎሕ ሲቀድ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስምህን እጠራለሁ። የመለሱልኝን፣ የቱንም ይሁን፣ ከአዱኛም ከሐኪሙም በፊት ላንተ እነግርሃለሁ።