ሦስት ነጥብ አራት ስምንት

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? የኒው ሃምፕሻየር ብርድ ከእኛው ይብሳል ይላሉ፤ ያ የሱፍ ካልሲሽ አለ ወይስ እንደ ልማድሽ ለሌላ ሰጥተሽዋል? በደንብ ትበያለሽ? እኛ ደኅና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐኪም ቤት ሂድ ስንለው ግን ወዲያው ይሻለዋል። ድመትሽ አልጋሽን ወርሳለች። ስልኬን ስለማታነሺ ነው የምጽፍልሽ፤ ደብዳቤ ቢያንስ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

ከምስጋና ቀን ወዲህ አሥር ሳምንት ሆነ። ያን ቀን የተናገርኩትን አልረሳሁትም። ሥራሽን ትተሽ ኒው ሃምፕሻየር ድረስ ሄደሽ፣ ለፕሬዚዳንትነት ለምትወዳደረው ለሴናተር ራውች በር ለበር ልትቀሰቅሺ መሆኑን ስትነግሪን፣ እኔ ደግሞ ቢላዬን እንደያዝኩ፣ “ሴትዮዋ የምትለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን አትመረጥም” አልኩሽ። አንቺም “እማ፣ ትክክል ናት እያልሽ አንቺ ካልመረጥሻት፣ ማን ይምረጣት?” አልሽኝ። መልስ ስላጣሁ ነው “ዕድሜሽን በቅዠት አትጨርሺ” ያልኩሽ። መልስ ያጣ ሰው ክፉ ይናገራል። አንቺ የዱባ ኬክሽን ሳትነኪ መኪናሽን አስነስተሽ ሄድሽ፤ እኔ ያን ኬክ ሦስት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳየው ሰነበትኩ።

ፈሪ ሆኜ አልተወለድኩም፣ ልጄ። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ልቤ ያለውን ሁሉ የሚናገር አንድ ዕጩ ነበረን፤ በረዶ ላይ ቆሜ ወረቀቱን አድያለሁ። እዚህ አሸነፈልን፣ ፓርቲውም መረጠው፤ ኅዳር ላይ በዋናው ምርጫ ግን አገር ምድሩ ፊቱን አዞረበት። በማግስቱ ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ “መጀመሪያ ማሸነፍ” አልኩ። ዘንድሮ በቀበሌያችን የሌላው ዕጩ፣ የአገረ ገዢ ዊትኮም፣ ቡድን አለቃ የሆንኩትም ለዚሁ ነው። ሰውዬው እንደ ሆስፒታል ሾርባ ነው፤ የሚያስጎመጅ ነገር የለውም፣ ማንንም ግን አያሳምምም።

እንግዲህ የሰኞውን የፓርቲያችንን የዕጩ ምርጫ ስብሰባ ልንገርሽ፤ ከሌላ ከመስማትሽ በፊት ከእኔ ስሚው።

በትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ሜዳ መቶ አምሳ ሰው መጣ። እንደ ወትሮው ሁሉም ወደየዕጩው ጥግ ሄዶ ቆመ። ስብሰባውን የሚመራው ፖስተኛው ጌይለን ነበር። ቆጠረን። እኛ ዊትኮሞች ሰማንያ ስምንት፣ የሦስተኛው ዕጩ፣ የነጋዴው፣ ደጋፊዎች አርባ፣ የአንቺዎቹ ሃያ ሁለት። በደንቡ ሃያ ሦስት ያልሞላ ቡድን ይፈርሳል፤ ሰዎቹም ወደ ሌላ ዕጩ ይሄዳሉ። በአንድ ሰው ጎደሉ! ጌይለን “አሥራ አምስት ደቂቃ አላችሁ፤ ወይ ሰው አምጡ ወይ ተበተኑ” አላቸው።

በዚህ ጊዜ የአለቃ ሥራው ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ብስኩት ይዞ ሄዶ የሚፈርሱትን ማባበል ነው። ጎረቤታችን ላቮን ሳህኑን አስይዛኝ፣ “ሂጂ ቲቸር፣ ልቅም አድርገሽ አምጪያቸው! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም በያቸው፤ ያቺ ሴትዮ ለራሷም አትተርፍ” አለችኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ሄድኩም።

እዚያ ጥግ ማንን አገኘሁ መሰለሽ? ኦርቪልን፤ የትምህርት ቤታችንን የድሮ ጽዳት ሠራተኛ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር። የራውችን ተለጣፊ ገልብጦ ደረቱ ላይ ለጥፎ ቁጭ ብሏል። “ኦርቪል፣ የእኛ ሰውዬ ያሸንፋል፤ ጎረቤቶችህ ሁሉ ይወዱታል” አልኩት። ብስኩቱን አንስቶ በላ፤ ለብስኩት እንቢ የሚል ሰው አይደለም። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ቲቸር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ጎረቤቴ ይወደዋል ያልኩትን እመርጣለሁ፤ ጎረቤቴም እኔ የምወደው የመሰለውን ይመርጣል። ታዲያ የምንወደውን ማን ይምረጥልን? አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኛል?”

አልጠየቅኩትም። ከአጠገቡ የቆመች አንዲት ልጅ፣ ገና አሥራ ስምንት የሞላት፣ ስልኳ ላይ ሰዓቱን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። አንቺ ፈተና ስትጠብቂ እንዲህ ነበር የምታደርጊው። አንጀቴን በላችኝ።

ሳህኑን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ላቮን “ስንት አመጣሽ?” አለችኝ። “ምንም” አልኳት፤ “እንዲያውም አንድ ሰው እናውሳቸው።” እንደ እብድ አየችኝ። አስረዳኋት። ቀበሌያችን ለፓርቲው ጉባኤ የሚልከው ስድስት ተወካይ ነው። ሰማንያ ስምንት ሆንን ሰማንያ ሰባት፣ የእኛ አራት ተወካይ ያው አራት ነው፤ የአንቺዎቹ ካልፈረሱ ግን አንዱን ተወካይ ከነጋዴው ላይ ይወስዱበታል። “ሒሳብ ነው” አልኳቸው። የላቮንን ሦስት ልጆች ሒሳብ ያስተማርኩ እኔ ነኝ፤ ማን ይጠርጥረኝ? “በቃ ቲቸር ካለች አለች፤ ማን ይሂድ?” ተባለ። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ፣ አባትሽ ጭምር። “እኔው እሄዳለሁ” አልኩ።

ሳህኔን እንደያዝኩ ያን ሜዳ አቋረጥኩ። ሃያ ሁለቱ አጨበጨቡ፣ ልጅቷ አቀፈችኝ፣ ኦርቪል ከሳህኔ ሌላ ብስኩት አነሳ። እኔ ደግሞ እፎይ አልኩ። ጠባብ ጫማ ያወለቅሁ ያህል እፎይ አልኩ፣ ልጄ። የዚያን ያህል ዓመት እግሬን ሲያመኝ እንደኖረ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ጌይለን በሒሳብ ማሽኑ ደመረ፣ አካፈለና አነበበ። ነጋዴው ሁለት። ራውች አንድ። ዊትኮም ሦስት። “ሦስት?!” ብላ ላቮን ጮኸች። ጌይለንም “ሦስት ነጥብ አራት ስምንት፤ ግማሽ አልሞላም” አላት። ሰማንያ ስምንት ብንሆን ሦስት ነጥብ አምስት ሁለት ይሆንና አራት ይባል ነበር። ላቮን ዞር ብላ “ቲቸር! ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረሽ፣ ይቺን ትስቺ?” አለችኝ። “እርጅና ነው” አልኳት። የአለቃነት ባጄን አውልቄ ሰጠኋት። ለላቮን በጣም አዝኛለሁ፤ እሷ እኔን ማመኗ ነው ጥፋቷ። በበጋው ዊትኮም የፓርቲው ዕጩ ከሆነ፣ እግሬ እስኪነቃ በር አንኳኳለታለሁ፤ ይህን ለእሷም ምዬላታለሁ፣ ለአንቺም እምልልሻለሁ። አንቺም ከራውች ጋር እንዲሁ ታደርጊያለሽ ብዬ አምናለሁ።

ትናንት እራት ላይ አባትሽ የብስኩት ካርቶንና የበቆሎ ፍሬ ይዞ መጣ። አንቺ ትንሽ ሳለሽ ነጥብ ያለውን ቁጥር ወደ ሙሉ ማጠጋጋት እንዴት እንዳስተማርኩሽ ታስታውሻለሽ? ካርቶን አጥፌ እንደ ቤት ጣሪያ አቆመዋለሁ፣ የበቆሎ ፍሬ አስቀምጥበታለሁ፤ እጥፋቱ ግማሹ ነው፤ እሱን ያለፈች ወደ ፊት፣ ያላለፈች ወደ ኋላ ትንከባለላለች። በነጥብ አራት ስምንትና በነጥብ አምስት ሁለት አስለቅሼሻለሁ። እና አባትሽ የብስኩቱን ካርቶን አጠፈና ጠረጴዛው ላይ አቆመው። አንዲት ፍሬ ከእጥፋቱ ትንሽ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠ። ወደ ኋላ ተንከባለለች። እኔን አየኝ፣ በቆሎዋን አየ፣ ከዚያ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። “እርጅና!” አለ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ሾርባውን ጠጣ፤ የእኔ ልብ ደግሞ ቅቤ ጠጣ።

እግዚአብሔር ከክፉ ብርድና ከክፉ መንገድ ይጠብቅሽ። የምታንኳኪው በር ሁሉ በፈገግታ ይከፈትልሽ፤ በኅዳር ብታሸንፉም ብትሸነፉም ልብሽን አያቀዝቅዘው። የዱባ ኬክ ባገኘሁሽ ቀን እንደገና እጋግራለሁ፤ ያኛውን ድመትሽ ጨርሳዋለች። ደውይልኝ።

ፖስታው ውስጥ አንዲት የበቆሎ ፍሬ አለች። የሚታጠፍ ካርቶን አታጪም።

የምትወድሽ
እናትሽ