በማርዩን ስም የተጠራው የባሕር ወለል

አክስቴ ማርዩን ዮሃነሰን ከአባታቸው ከአሣ አጥማጁ ሆግኒና ከእናታቸው ከማልፍሪድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1951 በፋሮ ደሴቶች፣ በቫጉር መንደር ተወለዱ።

እናታቸው ከጥልቁ የወጣውን አሣ ሲሰነጥቁ በበጋም እጃቸው ይደነዝዝ ነበር። ትንሿ ማርዩን ቅዝቃዜው ከየት እንደሚመጣ አባታቸውን ቢጠይቁ፣ አባታቸው "ከታች" ብለው ተኙ። በዚህ መልስ ያልረኩት አክስቴ ትምህርታቸውን በመንደሩና በቶርስሃውን ጨርሰው፣ በኖርዌይ በርገን የባሕር ሳይንስ ተምረው በ1979 ተመለሱ። ጡረታ እስኪወጡም በባሕር ምርምር ሠሩ። በ1982 ከመምህር ትሮንዱር ጋር ተጋብተው ባርዱርንና ቱሪን ወልደዋል።

ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛና ከባድ ውኃ በወለሉ ላይ እየተሳበ፣ ከደሴቶቻችን ደቡብ ምዕራብ ባለው ጥልቅ ሸለቆ ሾልኮ ወደ አትላንቲክ ይወርዳል፤ ሞቃቱ ደግሞ ከላይ ወደ ሰሜን ይሄዳል። አክስቴ ማወቅ የፈለጉት ይህ የታችኛው ጉዞ እየደከመ መሆን አለመሆኑን ነበር። ለዚህም በየሰኔው መለኪያ መሣሪያ ከሸለቆው ወለል ላይ አስቀምጠው በዓመቱ ያወጡት ነበር። የየዓመቱ ልኬት መዝገብ ከተቋረጠ ግን ልፋታቸው ሁሉ መና ይቀራል ብለው ይሰጉ ነበር።

በ1997 የፈሩት ደረሰ። መሣሪያውን በመረብ ጎትቶ የሰባበረው ሌላ ሰው ሳይሆን ወንድማቸው፣ የመርከብ አዛዡ ሃኑስ፣ ማለትም አባቴ ነበሩ። ቦታውን የሚያሳውቀው ወረቀት ለመርከቦች ሁሉ ተልኮ ነበር፤ አባቴ ግን የቡና ስኒ ያስቀምጡበት ነበር። የዓመቱ ልኬት ጠፋ፤ አክስቴም ቤታችንን መርገጥ ተዉ። ሁለቱም ግትሮች ስለነበሩ መሐል ላይ የተጎዳነው እኛ ልጆች ነን።

በእኛ አገር መረብ ይዞ የሚቀድ ድንጋያማ የባሕር ወለል፣ እዚያ መረቡን ባጣው ሰው ስም ይጠራል፤ ስም የወጣለትን ቦታ ደግሞ የትኛውም አዛዥ አይደፍረውም። አባቴም በቦታው መረባቸው ተቀዶ ነበርና ስሙ በደንቡ የእሳቸው መሆን ነበረበት። እሳቸው ግን አንድ ቀን በመርከብ ሬዲዮ፣ "ያ ቦታ ከዛሬ ጀምሮ የማርዩን ነው። መረቡ የሰለቸው ይለፍበት!" ብለው አወጁ። አዛዦቹ ሳቁ፤ ግን ሁሉም ካርታቸው ላይ ጻፉት። ከዚያ ወዲህ አንድም መረብ አልነካውም።

አክስቴ ይህን ሰምተው ከደጃችን ቆሙ።

"አንተ፣ እኔን ከድንጋይ ቆጠርከኝ?"

"ድንጋይማ ካንቺ ይሻላል። ይልቅ ግቢ፣ የሰቀልነው የበግ ሥጋ ደርቆልሻል።"

ገቡ። ከዚያ በኋላ በየሰኔው መሣሪያውን የሚያወርዱት ሁለቱ አብረው ሆኑ፤ ጡረታም አላስቀራቸውም።

አክስቴ በ2022 በቆሽት ካንሰር ታመሙ። ባለፈው ሰኔ ሐኪማቸው ቢከለክላቸውም፣ አባቴ ወገባቸውን ደግፈዋቸው የመጨረሻውን መሣሪያ አወረዱ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2024፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሐዘን ላይ ናቸው። እኔም በጣም ናፍቀውኛል።

ዛሬ እኛ እዚህ ስንሰናበታቸው መሣሪያቸው ከሸለቆው ወለል ላይ እየሠራ ነው። ባረፉበት ዕለት ያለፈውን ውኃ ለክቷል፤ ይህንንም ሰዓት እየለካ ነው። አባቴ በመጪው ሰኔ ያለ እህታቸው ወጥተው ያነሡታል፤ ሌላውንም በቦታው ይተካሉ። አባቴ ካጠፉት አንድ ዓመት በቀር መዝገባቸው አልተቋረጠም።

የጥልቁ ሁሉ ጌታ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ አሜን።